የሚከፈተው ማዕዘን፦ ስለ እንጨት የሥዕል ክፈፍ ሥራ

የሥዕል ክፈፍ፣ በአናጺዎች ዘንድ «ፍሬም» የሚባለው፣ ሥዕሉን ከግድግዳው የሚለይና ጠርዙን ከጉዳት የሚጠብቅ የእንጨት ዙሪያ ነው። አራት ቁራጮች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ይጋጠማሉ፤ ከኋላ በኩል በውስጠኛው ጠርዝ ሥዕሉ የሚያርፍበት ደረጃ ይወጣላቸዋል። የክፈፉን ቀለም ሲመርጡ ከሥዕሉ ውስጥ ደብዘዝ ያለውን ቀለም መከተል፣ ደማቁን ግን ለሥዕሉ መተው ይገባል።

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታሪክ ክፈፉና ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የአንድ ገበታ ክፍሎች ነበሩ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የእመቤታችን ሥዕል በስፋት እንዲከበር ባደረጉበት ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ ጠራቢው የገበታውን መሐል በመሮ ዝቅ አድርጎ እየፈለፈለ ዙሪያውን ከፍ አድርጎ ይተወው ነበር። ሥዕሉ በሁለት ገበታዎች ሲሠራ ገበታዎቹ በገመድ ተያይዘው እንደ መጽሐፍ ሲዘጉ ይህ ከፍ ያለ ጠርዝ ቀለሙ ከቀለም ጋር እንዳይፋተግ ይከላከላል። በዚያው ዘመን የሠራው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ የተጻፈበት ሥዕል በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ጠርዙ ከገበታው ጋር አንድ የሆነ ክፈፍ የሚላቀቅ ማዕዘን የለውም፤ የዛሬው አራት ቁራጭ ክፈፍ ግን አለው፤ የሙያው ፈተናም ያለው እዚያ ነው።

የክፈፍ ማዕዘን ሲከፈት ባለቤቱ ኮላውን ወይም ምስማሩን ይወቅሳል፤ አናጺውም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ምስማር ይመታበታል። ሁለቱም የሚሳሳቱት የእንጨትን ጠባይ ስለሚዘነጉ ነው። እንጨት እርጥበት ሲወስድ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ ይህ የሚሆነው ግን በወርዱ እንጂ በቁመቱ አይደለም፤ ከእርጥብ እስከ ደረቅ በቁመቱ የሚለወጠው ከመቶ 0.1 እስከ 0.2 ያህል ብቻ ሲሆን በወርዱ ግን ከመቶ ብዙ እጅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ወርዱ ሲጠብ ቁመቱ ባለበት ይቀራል፤ በ45 ዲግሪ የተቆረጠው ጫፍም 45 መሆኑን ያቆማል። 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፈፍ በ2 በመቶ ቢጠብ፣ የሁለቱ ቁራጮች ውጫዊ ጫፎች እንደተነካኩ ሲቀሩ በውስጠኛው ማዕዘን 2.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ እንጨቱ ካበጠ ደግሞ በተቃራኒው ውስጡ ተጣብቆ ውጩ ይከፈታል። ክፍተቱ በየት በኩል እንደሆነ ያየ ሰው ክፈፉ በተሠራበት ጊዜ እንጨቱ እርጥብ ወይም ደረቅ እንደነበረ ያውቃል።

ይህ ነገር በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዝቅተኛ ቦታዎች ይጎላል፤ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ቆይቶ ቀሪው ወራት በደረቅ ሙቀት ስለሚያልፍ እንጨቱ በየዓመቱ ሰፍቶ ይጠባል። በክረምት ከተቆረጠ እርጥብ እንጨት የተሠራ ክፈፍ በጥር ውስጡን ይከፍታል። መፍትሔው ታጋሽነት ነው፦ ጣውላውን ጥላ ባለበትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስቀመጡ ለወራት ማድረቅ፣ ለሰፊ ክፈፍ የዕድገት ቀለበቱ ከገጹ ጋር ቀጥ ብሎ የቆመ ቁራጭ መምረጥ (እንዲህ ያለው እንጨት መጠኑ የሚለዋወጠው በግማሽ ያህል አንሶ ነው)፣ በማዕዘኑም ላይ ቀጭን የእንጨት ቁልፍ አሳልፎ በኮላ ማሰር። በሥዕሉና በክፈፉ መካከልም በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ ይህን የሚንቁ ሰዎች ሸራው ተጨማዶ ሲያዩ ሠዓሊውን ይከስሳሉ፤ ይህ ደግሞ ለሠዓሊው ፍትሕ አይደለም።

እንጨትን በተመለከተ ዋንዛ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው፦ በመጋዝና በመላጊያ በቀላሉ ይታዘዛል፣ ቀለሙም ሞቅ ያለ ቡናማ ነው። ሆኖም ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው የነበሩ ዛፎች በመሆናቸው፣ ክፈፍ ሠሪ ከቤት ዕቃ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ሰብስቦ ቢሠራ ይመረጣል፤ ለክፈፍ የሚያስፈልገው ጠባብ ቁራጭ ነውና።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መለያ የሆነው ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ ለዚህ ሥራ ገና በተገባው መጠን አልታየም። የተራራው ቀርከሃ ባዶ ቧንቧ ሲሆን ሽመል ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ነው፤ ስለሆነም በመላጊያ ተስተካክሎ ለጠባብ ክፈፍ ይውላል፣ በርዝመቱም ጽኑ ነው። ጉድለቱ በስኳርና በስታርች የተሞላ በመሆኑ ነቀዝ የሚወደው መሆኑ ነው። 3 ዓመት ያልሞላው ሽመል ለክፈፍ አይሆንም፤ ከቆረጡት በኋላም በውኃ ዘፍዝፎ ማቆየት ስታርቹን ያጥባል። ቫርኒሽ ከመቀባት በፊትም ዱቄት መሰል ብናኝ ከቀዳዳው ይወጣ እንደሆነ ሽመሉን በነጭ ወረቀት ላይ አንኳኩቶ ማየት ያስፈልጋል።