መመለሻ ያጣ ኤሌትሪክ፤ ያረጀ ፒክአፕ ላላችሁ ወገኖች

የግራውን ፍሬቻ ሳበራ የቀኙም የኋላ መብራት አብሮ ይጠቅሳል። ቀን በቀትር ፍሬን ስረግጥ፣ እኔ ሳላበራው የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ከ30 ዓመት በላይ ያስቆጠረችው ፒክአፔ ባለፈው የበረዶ ወራት ይህን ጠባይ ስታመጣ፣ ጋራዥ ከመውሰድ ይልቅ ጠበል ብወስዳት የሚሻል መስሎኝ ነበር።

የወሰድኳት ግን ጋራዥ ነው። ሰውዬው ምንም ሳይለካ ባትሪ ቀየረ። ሳይሻላት ሲቀር ዲናሞ ቀየረ። በሁለት ጊዜ ከ600 ዶላር በላይ ከኪሴ ወጣ፤ ፍሬቻው ግን እንደ ቀድሞው ሁለቱንም ዓይን መጥቀሱን አልተወም። በፒክአፕ ዕቃ እያመላለሰ፣ ቀለም እየቀባ፣ ቤት እያጸዳ ልጆቹን የሚያሳድግ ወገናችን ብዙ ነውና ነገሩ የእኔ ብቻ አይመስለኝም።

በመጨረሻ የደረሱልኝ፣ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ለብዙ ዓመታት የመኪና ኤሌትሪክ ሲሠሩ የኖሩ፣ ዛሬ ግን በዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ ወዳጄ ናቸው።

«ባትሪውን ለምን ቀየርከው? ስንት ቮልት አሳየ?» አሉኝ።

«አልተለካም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ያልተለካ በሽታ በግምት ይታከማል፤ የግምት ሕክምና ደግሞ ኪስ ያደርቃል» ብለው ቴስተራቸውን አወጡ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ መሣሪያ ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ጤነኛ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ከወጣ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። የእኔ ሁለቱም ደህና ነበሩ። «የድሮዎቹም ደህና ሳይሆኑ አልቀሩም» አሉኝ ጋሼ፣ ቁስሌን እየነካኩ።

ከዚያ በኋላ ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኤሌትሪክ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ በሽቦ ይሄዳል፤ አምፖሉን ካበራ በኋላ ወደ ኔጋቲቩ የሚመለሰው ግን በአብዛኛው በመኪናው ብረት በኩል ነው። ሽቦው ከብረቱ ጋር የታሰረበት ብሎን ከዛገ መመለሻው ይዘጋል። ያን ጊዜ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ዞሮ ለመመለስ ይሞክራል፤ ያልተጠራው መብራት የሚበራውም ስለዚህ ነው። «እንደኛው ነው፤ መመለሻው ሲዘጋበት ባገኘው በር ይገባል» ብለው ሳቁ።

መፈተኛው ቀላል ነው። መብራቱ እንደበራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኋላ መብራቱ የመመለሻ ሽቦ ላይ ማድረግ ነው። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም። የእኔ ከ3 በላይ አሳየ። በዚህ አገር በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ብሎኑን በልቶታል። ጋሼ ብሎኑን ፈተው ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈጉት፤ የሽቦውን ጫፍ ቀየሩ፤ አጥብቀው አሰሩና ግራሶ ቀቡት። ወጪው ከ5 ዶላር አልበለጠም። ፍሬቻውም በአንድ ዓይኑ ብቻ መጥቀስ ጀመረ።

እዚያው ሳለን የፊውዙን ሣጥን ከፈቱና ፊታቸው ተለወጠ። ባለ 15 አምፔር ሰማያዊ ፊውዝ መቀመጥ በሚገባው ቦታ ላይ ባለ 30 አረንጓዴ ተሰክቷል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግረው ትልቅ አስገብቶ ተገላግሏል። አገር ቤት የሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ እንደሚሰካው ሹፌር ማለት ነው። ፊውዝ ግን ሽቦውን ለማዳን የሚሞት ዘበኛ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ቀጥሎም መኪናው።

ኮንታክቱን ለማግኘት ጋሼ ፊውዙን አወጡና በቦታው መፈተሻ አምፖል አገናኙ። በዚያ መስመር ያሉትን መብራቶች ነቀሉ፤ አምፖሉ ግን በራ። ኤሌትሪኩ በማይገባው ቦታ ብረት ነክቷል ማለት ነው። ሽቦውን ከፊት እስከ ኋላ በእጃቸው እያንቀሳቀሱ ሄዱ። ተሳቢ ማያያዣው ዘንድ ሲደርሱ አምፖሉ ጠፋ። ሽቦው ሻንሲው ላይ እየተፋተገ ልባሱ ተልጧል። ያን ጠግነው ባለ 15ቱን ፊውዝ መለሱ።

ጠዋት ባትሪ ሞቶ የሚያገኝ ደግሞ ሁሉን አጥፍቶ፣ ቴስተሩን ወደ አምፔር አዙሮ በኔጋቲቩ ገመድና በባትሪው መካከል ያስገባ። ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከወጣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀል፤ ሲነቀል ንባቡን የሚያወርደው ፊውዝ የሌባውን ቤት ይጠቁማል። በዚህ ጊዜ ሞተር ማስነሳት ቴስተሩን ያበላሻል። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ግን የመጨረሻው ይሁን። ቀለበትና ሰዓት አስቀድሞ ይውለቅ።

አንድ ነገር በእናንተ እጅ አይጠገንም። ፎርድ ከ1999 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በተደጋጋሚ ባወጣው ጥሪ፣ ኤፍ-150 ፒክአፕን ጨምሮ ከ14 ሚሊዮን በላይ መኪኖች የፍጥነት መቆጣጠሪያ ማጥፊያቸው እንዲታረም ጠይቋል። ማጥፊያው ቁልፍ ከተነቀለ በኋላም ኤሌትሪክ ስለሚደርሰው፣ የፍሬን ዘይት ሲገባበት የቆመ መኪና እሳት ሊያስነሳ ይችል ነበር። የመኪናችሁን 17 ቁጥርና ፊደል ይዛችሁ የኩባንያውን ሻጭ ጠይቁ፤ የመንግሥቱ መፈለጊያ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ጥሪ ላያሳይ ይችላል። እርማቱ የሚሠራው በነጻ ነው።

ጋሼ ለድካማቸው ገንዘብ አልቀበልም ብለው ቡና ጠጥተው ሄዱ። እኔም ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ስገባ፣ «ይቀየር» የሚለኝን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ «ስንት ቮልት አሳየ?» መልስ ከሌለው ቁልፌን ተቀብዬ እወጣለሁ።