ስለ ናዳ

በአቃቂ ሜዳ ያለው አፈር መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ የሰው እጅ እስኪገባበት ድረስ ይሰነጠቃል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ይህን አፈር እየቈረጡ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ። የሰኔ ዝናብ ሲጥል ውኃው በስንጥቁ ወደ ጥልቁ ይገባል፤ ወንዙም ሞልቶ የዳሩን እግር ከሥር ይበላዋል። ያን ጊዜ ዳሩ እንደ ድፎ ዳቦ ተገምሶ ይወድቃል።

ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ በተዳፋት ላይ ያለ አፈር ሁልጊዜ በክብደቱ ቍልቍል ይሳባል፤ የሚይዘውም የቅንጣቶቹ መፋተግና መጣበቅ ነው። ውኃ ሲገባበት ሸክሙን ያከብዳል፥ ቅንጣቶቹንም እየገፋ መያያዛቸውን ያላላል። ዐለትም ቢሆን ከሥሩ ያለው ጭቃ ሲርስ ይንሸራተታል። የቈሻሻ ክምር እንኳ ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ከዚህ የከፋው በሐምሌ 2016 ዓመተ ምሕረት በጎፋ ዞን በኬንቾ ሻቻ የሆነው ነው። ከብርቱ ዝናብ በኋላ የወረደው የመጀመሪያው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ሊያወጡ ተሰብስበው ሲቈፍሩ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ፤ የሞቱትም ከ200 በለጡ። አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ ከታች ድጋፉን አጥቷልና፥ ከላይ የቀረው ክፍል ከፊተኛው ይልቅ ለመውደቅ የቀረበ ነው። ስለዚህ ለርዳታ የሚመጡ ሰዎች ከጎን መቅረብ፥ ቍልቍለቱን የሚመለከት ጠባቂም ማቆም ይገባቸዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት መታገሥ እጅግ ከባድ ነው።

ናዳን ለመከላከል ከሁሉ የሚቀድመው ውኃውን ማራቅ ነው። ከተዳፋቱ በላይ ቦይ ይቈፈራል፥ ስንጥቁም በአፈር ተጠቅጥቆ ይደፈናል። ለቤት መሠረት ወይም ለመንገድ ተብሎ የተራራው እግር እንዲሁ አይቈረጥም፤ ግድ ከሆነም የውኃ መውጫ ቀዳዳ ያለው የድንጋይ ግንብ ይደገፍበታል። ኮንሶዎች ከጥንት ጀምሮ ተራራቸውን በድንጋይ እርከን ይዘውታል። ወይራና ጽድ መትከል መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራቸው የላይኛውን አፈር ይይዛል እንጂ ከጥልቅ የሚነሣውን ናዳ አያቆምም።

ናዳ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ በተዳፋቱ ራስ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል፥ ዛፍ ይዘማል፥ የቤት በር አልዘጋ ይላል፥ ጥሩ የነበረው ምንጭ ይደፈርሳል። ይህን ያየ ቤተ ሰብ ዝናቡ እስኪያባራ ሳይጠብቅ ልጆቹንና ሽማግሌዎቹን ይዞ ወደ ጎን ይወጣል።