ፖለቲካ ሲነሳ ከግሩፕ ለምን እንወጣለን?

የላስታ ልጆች ግሩፕ ውስጥ ለቅሶ ወይ ሠርግ ሲነገር ሁሉም ይጽፋል። ፖለቲካ ሲገባ ግን ግማሹ ዝም ይላል፣ ግማሹ ጥሎ ይወጣል።

ይህ ግዴለሽነት አይደለም። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ላየ የገነተ ማርያም ሰው ጭቅጭቁ ተራ ወሬ አይደለም። አንጎል አደጋ የመጣ ይመስለውና አድሬናሊን ያስለቅቃል፦ ልብ ይመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ፊት ለፊት ቢሆን ሽማግሌ "ተው" ይላል፤ ስልክ ላይ ገላጋይ የለም።

ምን እናድርግ?
✅ ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ስልኩን ያስቀምጡ።
✅ የግሩፑን ድምፅ ያጥፉ፤ ዝም ያለውን ሰው "ፈሪ" አይበሉት።
✅ ቅዠት፣ ድንጋጤና እንቅልፍ ማጣት ከ1 ወር በላይ ከቆየ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሕክምና አለው።

ለሚጨነቅ ወዳጅዎ ሼር ያድርጉ።