በዱባይ ሐሩር መስተዋትን ስለ ማጽዳት

በዱባይ በጋ በቀትር ፀሐይ በጋለ መስኮት ላይ የፈሰሰው ውኃ፣ የጎማው መጥረጊያ ሳይደርስበት ተኖ ይጠፋልና፣ በውስጡ የነበረው ካልሲየም ከሳሙናው ጋራ በመስተዋቱ ገጽ ላይ ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለሙያው የሚጠነቀቅ ሠራተኛ ማለዳ ገና ጥላ ባልተለየው በምዕራቡ ገጽ ይጀምራል፤ ከቀትር በኋላም ፀሐይ ወደ ለቀቀችው ወደ ምሥራቁ ይሻገራል፤ በአንድ ጊዜም ጎማው ሊደርስበት ከሚችለው በቀር አያረጥብም።

የበረሃው አሸዋ ግን ከፀሐይዋ የከፋ ጠላት መሆኑን አጥብቄ አሳስባለሁ፤ አስቀድሞ በብዙ ውኃ ሳይታጠብ በደረቅ ጨርቅ የታሸ መስተዋት፣ በቀላሉ በማይሽር ጭረት ይቆስላልና። ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት ውኃ ቢገኝ እጅግ መልካም ነው፤ ሳይጠረግ ቢደርቅ እንኳ እድፍ አይተውም። በበረዶ የቀዘቀዘ ውኃ ግን፣ ጠርዙ የተጎዳውን የጋለ መስተዋት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከመስተዋቱም ይልቅ የሠራተኛው ሥጋ ይከበር። የኤምሬቶች ሕግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን ይከለክላል፤ በዚያ ሰዓት ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ እንዲሠራ ከሚሻ አሠሪ ጋራ እኔ ውል አልፈራረምም።