የሜርኩሪ አምፖልና ነጭ ቅቡ

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ውስጥ፣ ከአሮጌ መጋዘን ጣሪያ ሥር እንቁላል የመሰለ ትልቅ ነጭ አምፖል ካዩ፣ የሜርኩሪ ሊሆን ይችላል። ነጩ ቅብ ብርሃኑ ዓይን እንዳይወጋ የተደረገ ይመስላል። ዋና ሥራው ግን የጎደለ ቀለም መሙላት ነው።

በውጩ ብርጭቆ ውስጥ ሜርኩሪና አርጎን ጋዝ የያዘ ትንሽ የኳርትዝ ቱቦ አለ። ማብሪያው ሲጫን መጀመሪያ የሚነሳው አርጎኑ ነው፤ በእሱ ሙቀት ሜርኩሪው ይተናል። ሙሉ ብርሃን እስኪሰጥ 5 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የኤሌክትሪኩን መጠን የሚገታው ባላስት የተባለው መሣሪያ ነው። መብራት ለአንድ ሰከንድ ሄዶ ቢመጣ እንኳ አምፖሉ ወዲያው አይበራም፤ ቱቦው በርዶ የውስጥ ግፊቱ እስኪቀንስ ይጠብቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

የባሰው ጣጣ ግን የቀለም ነው። ሜርኩሪ በዋናነት የሚሰጠው ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ ብርሃን ነው፤ ቀይ የለውም ማለት ይቻላል። ለያሆዴም ይሁን ለመሳላ በዓል የታረደ ሰንጋ ሥጋ ቅብ በሌለው የሜርኩሪ አምፖል ሥር ቢሰቀል ጠቁሮ ይታያል። ሥጋ ቤት ለሚከፍት ሰው አልመክረውም! የሰው ፊትም የበሽተኛ ፊት ይመስላል።

ሜርኩሪው በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይረጫል። በብርጭቆው ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ፎስፈር ይህን ጨረር ተቀብሎ ወደ ቀይ ብርሃን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራበት የማግኒዥየም ፍሎሮጀርማኔት ቅብ ሙቀት ይችላል፤ ቀዩ ግን የሞገድ ርዝመቱ ወደ 660 ናኖሜትር ስለሚጠጋ ዓይናችን በደካማው ነው የሚያየው። በ1960ዎቹ ለቀለም ቴሌቪዥን የተሠራው፣ ዩሮፒየም የተጨመረበት ኢትሪየም ቫናዴት ወደ አምፖሉም ገባ። የእሱ ቀይ 619 ናኖሜትር ላይ ስለሆነ በደንብ ይታያል። የእንቁላል ቅርጹም ለውበት አይደለም፤ ሙቀቱ በቅቡ ላይ እኩል እንዲዳረስ ነው፤ ፎስፈር ከልክ በላይ ከጋለ ይደክማልና።

ያም ሆኖ አምፖሉ ለአንድ ዋት የሚሰጠው ብርሃን ከሶዲየም አምፖል ግማሽ ያህል ነው። ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ለአጠቃላይ መብራት የሚውለውን የዚህ አምፖል ምርትና ንግድ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲያበቃ ወስኗል።

የውጩ ብርጭቆ ተሰብሮ የውስጡ ቱቦ እየበራ ካዩ፣ ቀና ብለው ሳይመለከቱ ፈጥነው ያጥፉት። ጨረሩን የሚያግደው ብርጭቆ ስለሌለ ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላል።