የቆዳ ዕቃ ክፉ ሽታ በምን ይወገዳል

በማክሰኝት ክረምቱ ሲያልፍ ከሣጥን የሚወጣው የዳዊት ማኅደር የሻጋታ ሽታ ይዞ ይገኛል። ምክንያቱም ቆዳው የጠጣው እርጥበት ነው። እኛም ከአባታችን የወረስነውን ማኅደር በሳሙና አጥበን ፀሐይ ላይ ብናሰጣው፥ ቅባቱን አጥቶ ደረቀ፤ ተኰማትሮም መጽሐፉን አላስገባ አለ። ይህ ጉዳት በሌላው እንዳይደርስ የሚሻለውን እንነግራለን።

አስቀድሞ መጽሐፉን ማውጣት፥ ሻጋታውን ከደጅ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፥ ማኅደሩንም አፉን ከፍቶ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ 3 ቀን ያህል መስቀል ይገባል። ሽታው ካልለቀቀ፥ ያልተቀጣጠለ ደረቅ ከሰል በሸክላ አድርጎ፥ ቆዳውን ሳያስነኩ ከማኅደሩ ጋራ በሣጥን 7 ቀን መዝጋት ነው፤ ከሰል ሽታን ይስባል። ሽቱ ግን ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ይህ ብልሃት ለኮርቻም ይሆናል። ማኅደሩ ሲጠበቅ ዳዊቱ ለልጅ ይተርፋል።