ማር በቁስል ላይ

በማር ውስጥ ለሰዎች ፈውስ መኖሩን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል 69ኛው አንቀጽ ነግሮናል። ዛሬ ማር ያመረቀዘ ቁስል ላይ ሲደረግ ምን እንደሚሠራ እንመለከታለን።

ማር ስኳሩ ብዙ፣ ውኃው ግን ከመቶ 20 እጅ አይሞላም። ስለዚህ የጀርሞችን እርጥበት ስቦ ያደርቃቸዋል፤ አሲድነቱም እንዳይራቡ ይከለክላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ንቧ ከአፏ እጢ የምትጨምርበት ኢንዛይም ነው። ማሩ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለውን ጀርም ገዳይ በጥቂት በጥቂቱ ያመነጫል። ፋርማሲዎች ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጡት ያንኑ ነው፤ ሱብሓነላህ!

ይሁን እንጂ እሳት ላይ የሞቀ ማር ኢንዛይሙን ያጣል። ስኳር የተቀላቀለበትንማ (ገበያችንን ታውቁታላችሁ) ምን እንበለው? ንጹሑም ቢሆን የባክቴሪያ ስፖር ሊይዝ ስለሚችል ለሕክምና የሚዘጋጀው ማር በጋማ ጨረር ይጸዳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ማር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስልን ከአንቲሴፕቲክና ከጎዝ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያድን አመልክቷል። ለስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ግን አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም።

እኛን የሚያሳስበን ይኸው ነው። ስኳር ያለባቸው አባቶችና እናቶች «ሺፋ አለው» እያሉ የጓዳ ማር ሲቀቡ ሳምንታት ያልፋሉ። ሕመሙ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ ወደ አጥንት ሲዘልቅ እንኳ ላይሰማቸው ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል። እንዲህ ያለ ቁስል የወጣበት ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ፤ ማሩንም ሐኪሙን ጠይቆ ያድርግ።